ጆሮ ውስጥ ለሚገባ መስሚያ ክሌም የምሠራው እንዲህ ነው

አሜሪካ ውስጥ መስማት ለሚቸግራቸው መስሚያ መሣሪያ በሚሰጥ አንድ ክሊኒክ ቢሊንግ (የሂሳብ ጥያቄ) እሠራለሁ። ክሌም፣ ማለትም ለኢንሹራንስ የሚላከውን የክፍያ ጥያቄ፣ ከመሙላቴ በፊት የኦዲዮሎጂስቱን (የመስማት ባለሙያውን) ማስታወሻና ኦዲዮግራሙን (የመስማት ምርመራውን ውጤት) አነባለሁ። የትኛውን ኮድ፣ ማለትም የመሣሪያውን ወይም የአገልግሎቱን መለያ ቁጥር፣ እንደምጽፍ መነሻ የሚሆነኝ ይህ ነው።

የውጪውን ጆሮ ጎድጓዳ የሚሞላው ዲጂታል መስሚያ ለአንድ ጆሮ ቪ5256፣ ለሁለቱም ቪ5260 ነው። የጆሮ ቦይ ውስጥ የሚገባውና ጭራሽ ጠልቆ የሚቀመጠው ግን የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ስለዚህ «ጆሮ ውስጥ የሚገባ» የሚል ማስታወሻ ብቻውን አይበቃኝም። ዓይነቱን ከአምራቹ ደረሰኝ ላይ አረጋግጣለሁ።

ትልቁ ጣጣ ክሌሙ ላይ የሚጻፈው ብዛት ነው። ቪ5260 ራሱ ጥንድ ስለሆነ ብዛቱ 1 ይባላል። 2 ከተጻፈ አራት መስሚያ ጠየቅን ማለት ነው። አንዳንድ ኢንሹራንስ ደግሞ የጥንዱን ኮድ አይወድም፤ ቪ5256ን በሁለት መስመር ይፈልጋል፣ ለቀኝ አርቲ፣ ለግራ ኤልቲ የሚል ምልክት ተጨምሮበት። ምርመራውም መግጠም አለበት። ኤች90.3 የሚለው የምርመራ ኮድ የሁለቱንም ጆሮ የመስማት ችግር ይናገራል። የአንድ ጆሮ ምርመራ ይዞ ጥንድ መጠየቅ ክሌሙን ያስመልሳል።

የጆሮ ልክ ሲወሰድ ቪ5275 ነው፣ በየጆሮው ይቆጠራል። ቪ5264 ግን ከጆሮ ጀርባ ለሚንጠለጠለው መስሚያ የሚሠራው ቅርጽ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው አካሉ ራሱ በልክ የተሠራ ስለሆነ እሱን አልጨምርም። ክሌሙ ላይ የሚጻፈውን ቀን በተመለከተ ደግሞ አብዛኞቹ ከፋዮች የሚፈልጉት ታካሚው መስሚያውን የተረከበበትን እንጂ የታዘዘበትን አይደለም።

በጣም የሚከብደኝ ከአዛውንቶች ጋር የማደርገው ንግግር ነው። መደበኛው ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአዛውንቶች የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከ1965 ጀምሮ መስሚያ እንዳይከፍል በሕግ ተከልክሏል። ብዙዎቹ ይሸፈንልኛል ብለው ነው የሚመጡት። ልካቸው ሳይወሰድ በፊት ቁጭ ብዬ ከኪሳቸው የሚወጣውን አሳያቸዋለሁ። ሁለተኛ ኢንሹራንስ ካላቸው ግን እሱ የሜዲኬርን የእምቢታ ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል በሕግ የማይሸፈን መሆኑን የሚገልጸውን ጂዋይ የሚለውን ምልክት ጨምሬ ለሜዲኬር እልካለሁ።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር፣ ያላቸውን ቶሎ ተስፋ አላስቆርጥም፤ ብዙዎቹ ፕላኖች የመስሚያ ጥቅም አላቸው። ስደውል የምጠይቀው ስንት እንደሚከፍል፣ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚታደስ፣ የእኛን ክሊኒክ ይቀበል እንደሆነ ነው። ያነጋገረኝን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ። ከወር በኋላ «እንዲህ አላልንም» ሲሉ የምይዘው እሱን ነው።