ሙቀቱን ሳልቆጥር የሠራኋት ሳይክል

የመጀመሪያዋ የኤሌክትሪክ ሳይክሌ የሞተችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ከቆምኩበት ልነሳ እጀታውን ጠመዘዝኩ። ከኋላ "ቋ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጎማው ቆሞ ዘንጉ ብቻውን ዞረ። የሞተሩን ሽቦዎችም እንደ ክር ጠቅልሎ በጠሳቸው። ጥላ ስር የተቀመጡት የባጃጅ ሾፌሮች አጨበጨቡልኝ። አንዱማ "አቦ፣ ፔዳሉ ምን አደረገህ?" አለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ተራ ሳይክል ላይ ዘንጉ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ጎማው በላዩ ይዞራል። ሞተሩ ጎማ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎማውን ወደፊት በገፋ ቁጥር ዘንጉን ወደኋላ ይጠመዝዘዋል። ያንን ጉልበት የሚችለው ዘንጉ የሚታሰርበት የፍሬሙ ጆሮ ብቻ ነው። የእኔ ፍሬም አሉሚኒየም ነበር። ጆሮው ተሰነጠቀ።

አሉሚኒየም የመረጥኩት ይቀላል ብዬ ነው። በእርግጥ ይቀላል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ብረት ከሚመዝነው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ያላወቅኩት ግትርነቱም ሲሶ መሆኑን ነው። ፋብሪካዎች ይህን የሚያካክሱት ቱቦውን በማወፈር ነው። ደግሞም ብረት ከአንድ ልክ በታች እስከተጫነ ድረስ ንዝረቱን ለዓመታት ይችላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ትንሹም ንዝረት ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሳቢያንን ኮብልስቶን በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

የተሰነጠቀውን ይዤ ገንደ ቆሬ ወደሚሠራ በያጅ ሄድኩ። ዕድሜውን ምድር ባቡር ጋራዥ የጨረሰ ሽማግሌ ነው። (ድሬ ነው ያለነው፤ "አንቱ" ብትለው ይቆጣል።) አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

"ይህን አልበይድልህም። ብበይደውም ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል።"

ክፉ ሰው መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን እውነቱን ነው። 6061 የሚባለው የሳይክል አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ታክሞ ነው። ስትበይደው ያ ጥንካሬ ብየዳው ዙሪያ ይጠፋል። ለመመለስ ፍሬሙ እንዳለ ልዩ ምድጃ መግባት አለበት። እኔ ድሬ ውስጥ የማውቀው ምድጃ የዳቦ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ብረት ተመለስኩ። ወፍራም ቱቦ ያለው የድሮ የቻይና ሳይክል በርካሽ ገዛሁ። ይከብዳል። ግን ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቅሃል። ሲሰበር ደግሞ የትም ሰፈር ያለ በያጅ ይጠግነዋል። የካርቦን ፍሬም ለምን አልሞከርክም የሚሉኝ አሉ። ሲሰነጠቅ ለማን እሰጠዋለሁ? ሽማግሌው ከ6 ሚሊ ብረት ሁለት ክንድ ቆረጠልኝ፣ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። የዘንጉን ጠፍጣፋ ጎን እንደ ቁልፍ ጨብጠው ፍሬሙ ላይ ይታሰራሉ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ባትሪው ግን ከፍሬሙ የባሰ አስተምሮኛል።

መጀመሪያ አራት ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 12 አምፒር ሰዓት። 48 ቮልት ሆነ። ወረቀት ላይ 576 ዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። በተግባር የአሲድ ባትሪ ባዶ እስኪሆን ከተጠቀምክበት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ ነው ያንተ ብለህ የምትቆጥረው። ክብደታቸው ከ16 ኪሎ በላይ። ሁሉንም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ከመርኋቸው። ሳይክሏ እንደ ሰከረች አህያ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ራጂ ይበጠሳል። አንድ የድሬ በጋ እንኳ ሳይሞላቸው ደከሙ። የአሲድ ባትሪ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። መለያው ላይ የተጻፈው ዕድሜ የ25 ዲግሪ አገር ዕድሜ ነው። እዚህ 25 ዲግሪ ሌሊት ነው የምናገኘው።

ቀጥሎ ብልጥ ሆንኩ። ታይዋን ገበያ ከተበላሹ ላፕቶፖች የወጡ የሊቲየም ድንጋዮች ሰብስቤ 13 ረድፍ አድርጌ ቀጠልኳቸው። ቀላል፣ ጠንካራ፣ ርካሽ። ሁለት ወር ደስ አለኝ። አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ቀፊራ ገበያ ደርሼ ስወጣ፣ ፀሐይ ላይ የተወኩት ጥቁር የባትሪ ሳጥን እጅ አያስነካም። ስከፍተው የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። የአንዱ ረድፍ ቮልት ከሌሎቹ በጣም ወርዷል። ዕድሜያቸው የተለያየ ድንጋዮች አብረው ሲሠሩ ደካማው ቀድሞ ይራቆታል፣ ሲሞላም ቀድሞ ከልክ ያልፋል። በዚያ ላይ ረድፎቹን የሚጠብቀውን ቢኤምኤስ የሚባለውን ሰሌዳ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ትቼዋለሁ። ሳጥኑን አሸዋ ላይ አውጥቼ ራቅ ብዬ እስኪመሽ ጠበቅኩት። እሳት አልተነሳም። ዕድሌ ነው እንጂ ብልሃቴ አይደለም።

አሁን የምጠቀመው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። አንዱ ድንጋይ 3.2 ቮልት ነው። 16 ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት፣ በጠቅላላው 48 ድንጋይ። 51 ቮልት፣ 18 አምፒር ሰዓት፣ ወደ 920 ዋት ሰዓት ይሰጠኛል። ድንጋዮቹ ብቻ 7 ኪሎ ይመዝናሉ። ለተመሳሳይ ጉልበት ከላፕቶፑ ዓይነት ይከብዳል፣ ቦታም ይበላል። ግን ሙቀትን የበለጠ ይችላል፣ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ተሞልቶ የሚራገፍበት ቁጥርም ብዙ እጥፍ ነው። ቢኤምኤሱንም በዚህኛው ቀድሜ ነው የገዛሁት። ሳጥኑን ነጭ ቀባሁት። ከቤት ስደርስ ወዲያው አልሰካም፤ ሌሊት ሲበርድ እሞላለሁ፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ሳጥኑ ትልቅ ስለሆነ ፍሬሙ መሃል አልገባም አለ። ያኔ ነው ነገሩን ሁሉ ገልብጬ እንደጀመርኩት የገባኝ። ቀድሞ የሚለካው ባትሪው ነበር። ሽማግሌው የላይኛውን ቱቦ ቆርጦ አራት ጣት ከፍ አድርጎ በየደው። ክብደቱ ከወገቤ በታች፣ በሁለቱ ጎማ መሃል ሆነ። ራጂ መበጠስ በዚያው ቆመ።

ከዚያ ጠገብኩና ወደ ሐረር ልውጣ አልኩ። ሂሳቡን ሠራሁ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። እኔና ሳይክሏ 100 ኪሎ ብንሆን፣ 700 ሜትር ለመውጣት 190 ዋት ሰዓት። 55 ኪሎ ሜትሩን በኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ብቆጥር 550። ድምሩ 740። ሐረር ሸዋ በር ሻይ ጠጥቼ ባትሪ ይተርፈኛል ማለት ነው።

የደንገጎ ዳገት ሂሳቤን አላነበበም። መንገዱ መጀመሪያ ከሐረር በላይ ወጥቶ ነው ወደ ሐረር የሚወርደው፤ እሱን አልቆጠርኩም። ደግሞ ጎማ ውስጥ ያለ ሞተር ማርሽ መቀየር አይችልም። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ከባትሪው የሚስበው ብዙ፣ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ግን ትንሽ ነው። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ገና ግማሽ ዳገት ሳልወጣ የሞተሩ ሽቦ የተቀባበት ቫርኒሽ ሲቃጠል ሸተተኝ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነበረው፤ ሞተሩ ነው የጨረሰው። እኔና ሳይክሏ በአይሱዙ ተጭነን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተመለስን።

ሽማግሌው አልሳቀብኝም። ካቴናውን በጣቱ እየጎተተ ትንሽ አሰበ።

"ማርሹ እዚህ አለ አይደል? ሞተሩን በዚህ በኩል ለምን አታስገባውም?"

ፔዳሉ ጋ የሚገጠሙ ሞተሮች የሚሠሩት እንደዚያ ነው። ጉልበቱ በካቴናው ያልፋል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ትቀንስለታለህ፣ ሞተሩ በሚመቸው ፍጥነት ይዞራል። ካቴና ቶሎ ይበላል፣ ግን ካቴና ርካሽ ነው። የእሱን ትምህርት ቤት አላውቅም፤ የእኔን ዲፕሎማ ግን በዚያች ጥያቄ ወስዶታል።

አሁን ፍሬሙ የፔዳሉ በኩል ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ነገ ጠዋት እንበይደዋለን፣ ከስድስት ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ በርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፤ እሱም ማሽኑን አይነካም።