ለዘጌ እናቶች ላም ልንገዛ ነበር

ዘጌ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለንግሥ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። የካቲት 16 ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ፣ ጸበል ጠጥቼ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ከጀልባው ማረፊያ እስከ ገዳሙ ድረስ በቡናው ጥላ ስር ስንቱን ልጅ አልፌው ሄጃለሁ። ቆሜ ያነጋገርኩት ግን አንድም አላስታውስም።

እኛ 14 ነን። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን ጓደኛሞች። አሁን ሁላችንም ሥራ ይዘናል፤ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን ጽዋ እንጠጣለን። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ አንዱ ጽዋ ላይ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተነበበ። ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ታርዤ አልብሳችሁኛል የሚለው። ስንት ጊዜ የሰማነው ቃል ነው። የዚያን ቀን ግን ዳቦ ቆርሶ መለያየት ከበደን። በነፍስ ወከፍ በወር 100 ብር ለማዋጣት ተስማምተን ተነሣን።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራችን ቀላል ይመስል ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የ31 ልጆች ስም ተሰጠን። አባት ወይም እናት የሌላቸው፣ ወይም ቤታቸው በጣም የተቸገረ። ለ2009 ትምህርት መክፈቻ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሹራብ ይዘን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ውስጥ ስማቸው እየተጠራ ወጡ። አጨበጨብን፣ ፎቶ አነሣን፣ መዝሙር ዘምረን ተመለስን። በጀልባው ላይ ከደስታ ብዛት ያለቀሰ ሁሉ ነበር።

ኅዳር ላይ ስንመለስ ከ31ዱ 9ኙ ትምህርት አቋርጠዋል።

አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ሄድን። እናቷ ቡና አፈሉልን። ሹራቡ እንደታጠፈ መደቡ ላይ አለ፤ አንድ ቀንም አልተለበሰም። "አልበቃት ይሆን?" አልኩ። እናቷ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እናንተስ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ልጆቹ 'የማኅበር ልጅ' ይሏታል። ስሟ ሲጠራ አገር ሁሉ ሰምቶ የለ?"

ይህን ሳስብ ዛሬም ውስጤን ይቆረቁረኛል። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። እኛ ግን የአንዲት ልጅን ችግር በአደባባይ አንብበን፣ ፎቶዋን ስልካችን ላይ ይዘን ነው የተመለስነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም መጥራትም ፎቶ ማንሣትም ቀረ። ለማንም፣ ለምንም።

ልጆቹ ያቋረጡት ግን በሹራብ ምክንያት ብቻ አልነበረም። አብዛኞቹ እንጨት ሲሸከሙ ነው የሚውሉት። ደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ተቆልሎ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዘፍ ያላየ የከተማችን ሰው የለም። ያ እንጨት ከማን ጀርባ እንደሚወርድ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ "እናቶቹን በገቢ እናግዝ" አልን። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርን።

ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ላም ለመግዛት ወሰንን። ወተት ለልጅ፣ ቅቤ ለገበያ። ከውጭ ያሉ ጓደኞቻችንንም አስተባብረን ብር ሞላን። ልንገዛ አንድ ሳምንት ሲቀረን አንድ አረጋዊ አባት ጋ ለመባረክ ገባን። ነገርናቸው። ፈገግ አሉና "ልጆቼ፣ ላሟን የት ልታስሯት ነው?" አሉን።

ዘጌ አይታረስም። ቀንድ ከብትም አይረባበትም። የዘጌን ገዳም እንደመሠረቱ የሚነገርላቸው አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ ያለ ሞፈርና ቀንበር ከዛፉ ፍሬ እንዲኖር ቃል አስገብተዋል ብሎ ሕዝቡ ይተርካል፤ ያን ቃል ትውልድ ሲጠብቀው ኖሯል። ያ ሁሉ ጫካ ዛሬም የቆመው በዚህ ነው። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በእንጨት ነው። እኔ እዚያው ሐይቅ ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስንት ጊዜ ረግጬው፣ በሬ አለማየቴን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

አባታችን አልተቆጡንም። "ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ" ብቻ ነው ያሉን።

ጠየቅን። ለሦስት ተከታታይ እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ከእናቶቹ ጋር ተቀመጥን። ምን እንደምንሰጥ አልተናገርንም። ዓመቱ እንዴት እንደሚያልፍ ብቻ ወር በወር እንዲነግሩን ለመንናቸው። እኔ በደብተሬ ላይ 12ቱን ወራትና ጳጉሜን አስምሬ ገቢና ወጪ እጽፋለሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ የታየኝን ነገር ማንም ከተማ ተቀምጦ ሊያየው አይችልም።

ቡና የሚለቀመው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። መሬቱ ስለማይታረስ ደግሞ እህል ሁልጊዜ ከገበያ ይገዛል፤ ክረምቱ ላይ ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱ ባዶ ነው። ያኔ ነጋዴ ይመጣል። ብር ያበድርና ገና ያልበሰለውን ቡና በራሱ ዋጋ ይይዘዋል። አንዷ እናት 1,000 ብር ወስደው በጥር 1,500 ብር የሚያወጣ ቡና እንዳስረከቡ ነገሩን። አራጣ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ከነጋዴ መበደር ያልፈለገች እናት ደግሞ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ እንጨት ታሸክማለች።

እነዚህ እናቶች ሥራ አልጎደላቸውም፤ ንብረትም አላቸው። የሚጎድላቸው ከነሐሴ እስከ ጥር የሚያሻግር ብር ነው። ለላም ያሰባሰብነውን ብር ለለጋሾቹ አስፈቅደን ወደ ብድር ቀየርነው። ያለ ወለድ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ለድሃ ብታበድር ወለድ አትጫንበት ይል የለ?

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በ20 እናቶች ጀመርን። አምስት አምስት ሆነው ተቧደኑ። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን እኛ አልመረጥንም፤ እነሱ ይተዋወቃሉ። ለእያንዳንዳቸው 800 ብር። ብሩ የሚቀመጠው ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ነው፤ ሦስቱም ቁልፎች በሦስት እናቶች እጅ ናቸው። ከመካከላችን አንዳንዶች አንዱ ቁልፍ እኛ ጋ ይሁን ብለው ነበር። ብዙ ተከራከርንበት። ባይሆን ጥሩ ሆነ፤ ቁልፉ እኛ ጋ ቢሆን ብሩም የእኛ ይሆን ነበር።

አንድ ስህተት ግን ሠርተናል፣ እሱም የእኔ ነው። መመለሻውን ጥር 30 አደረግሁት። ቡና በጥር ይለቀማል ብዬ። ለካ ከተለቀመ በኋላ ጀንፈሉ፣ ማለት ከነቅርፊቱ ያለው ቡና፣ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ሁሉም እኩል ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። እናቶቹ ዕዳ ለመክፈል ብለው በርካሽ ሸጡ። ከአራጣ አውጥተን በቀነ ገደብ አስጨነቅናቸው ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መመለሻውን እነሱ ራሳቸው ወደ መጋቢት መጨረሻ አዞሩት።

ስለ ሕመምም ልንገራችሁ። አንድ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ሆዱን ያመዋል፣ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ሰገራው ደም አለው። ሰነፍ ነው ይባል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታው ጤና ጣቢያ አስላከችው። ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳር ልጆች ዘንድ የተለመደ በሽታ ነው። ትሉ የሚያድገው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ላይ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በሚዋኝ ልጅ ቆዳ በኩል ይገባል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ይፈውሳል፤ ልጁ ነገ ሐይቁ ሲገባ ግን እንደገና ሊይዘው ይችላል። ሰው ሐይቁ ዳር መጸዳዳቱን እስካልተወ ድረስ ዑደቱ አይቆምም።

እናቱ ጸበል ጀምሬያለሁ ብላ መድኃኒቱን ልትተው ነበር። እኛ ምን ብንል አትሰማንም። የንስሐ አባቷ ናቸው "ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ስጪው፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው" ያሏት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ተናገሩ። በዚያ በጋ 11 ቤቶች ቆፈሩ። እኛ ያገዝነው በሚስማርና በቆርቆሮ ብቻ ነው።

ሰዎች "ታዲያ ስብከቱስ?" ይሉናል። ዘጌ እኛ ሳንወለድ ለዘመናት ስትጸልይ የኖረች ምድር ናት። ወንጌል ይዘንላት አልሄድንም። ለልጆቹ መዝሙር እናስጠናለን፣ እነሱም ከየኔታ የተማሩትን ዳዊት ይደግሙልናል። ብዙ ጊዜ ተባርከን የምንመለሰው እኛው ነን።

ሹራቡን ያልለበሰችው ልጅ ሁለት ዓመት እንጨት ተሸክማ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። እናቷ ከሦስቱ ባለ ቁልፎች አንዷ ናቸው። አንድ ዓመት ቡናው ሳይይዝ ቀርቶ ሁለት እናቶች መክፈል አቃታቸው። እኔ መዝገቡን ይዤ ስለ ቅጣት ላነሣ ስል እሳቸው ቀድመው "ቡናው ነው የበደላቸው እንጂ እነሱ አልበደሉም" አሉ። ሌሎቹም ተስማሙ። ዕዳው ወደ ቀጣዩ መጋቢት ተሻገረ። ለሁለቱ ደግሞ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል ተዋጣ። እኔ ቀኑን ጻፍኩ፤ ሦስቱም ቁልፎች ዞረው ሣጥኑ ተዘጋ። የማታው ጀልባ ሳያመልጠን ወደ ሐይቁ ወረድን።