«እሺ ልጄ» ድምፅ አይደለም

ይህን የምጽፈው ለሚቀጥለው ምርጫ ቤት ለቤት ልትዞሩ ላሰባችሁ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

በፈረንጆቹ 2019 እስራኤል ውስጥ ሁለት ጊዜ መረጥን። ኤፕሪል 9 የናታንያሁ ፓርቲ ሊኩድም ተፎካካሪው ፓርቲ ሰማያዊና ነጭም እኩል 35 ወንበር አገኙ። ናታንያሁ መንግሥት መመሥረት አቃታቸው፣ ክኔሴት (ፓርላማው) ተበተነ፣ ለሴፕቴምበር 17 እንደገና ተቀጠረ። በመጀመሪያው ዙር የቤኔትና የሻኬድ ፓርቲ ክኔሴት ለመግባት የሚያስፈልገውን 3.25 በመቶ ድምፅ ያጣው በ1,400 ድምፅ ገደማ ነበር። ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። 1,400 ሰው ማለት እኮ አንድ ሰፈር ነው። እኛ ረሆቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ያለን ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ብቻችንን አንድ ፓርቲ እናስገባለን ወይም እናስቀራለን ብዬ ተነሣሁ።

መመዝገቡ ቀላል ነበር። ስሟን የማልጠራት ፓርቲ ቢሮ ሄድኩ፣ ስልኬን ሰጠሁ፣ ቲሸርት ተቀበልኩ። ሥልጠናው አንድ ምሽት ነው። በስልካችን የመራጮች ዝርዝር ተጫነልን። ደጋፊ አረንጓዴ፣ የሚያመነታ ቢጫ፣ እምቢ ያለ ቀይ። አንድ ቤት ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳትቆዩ አሉን።

ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡ ናቸው። ቡናው ሊቆላ ነበር። ቆሜ ስለ ጡረታ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርት አወራሁላቸው። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ያክብርልኝ» አሉኝ። አረንጓዴ ብዬ ነካሁና ወጣሁ። ሁለተኛው ቤት «እሺ»። ሦስተኛው «እሺ፣ ምን ችግር አለ»። በሁለት ሳምንት 143 አረንጓዴ ሰበሰብኩ። ቢሮው ውስጥ ስሜ ከላይ ተጻፈ። አስተባባሪው በየማታው እየደወለ ቁጥር ይጠይቀኛል። ሌላ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እኔ እኮ እዚያው ባህል ውስጥ ነው ያደግኩት። ደጅ የመጣን ልጅ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ራሷ ለማትፈልገው ሻጭ ሁሉ «እሺ፣ እናያለን» ትላለች። ይህን እያወቅኩ ቁጥሩ ስለጣፈጠኝ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በዚያው ክረምት ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጁን 30 ቂርያት ሐይም ውስጥ ከማኅበረሰባችን የሆነ ወጣት፣ ሰለሞን ተካ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። ልጆቻችን በየከተማው መንገድ ዘጉ። እኔም ወጥቼ ነበር። ከዚያ በኋላ በር ሳንኳኳ ወጣቶቹ የሚመልሱልኝ ሌላ ሆነ። ከዚህኛው ፓርቲ ወደዚያኛው የሄደ ብዙ አላገኘሁም። ያገኘሁት «ለማንም አልሰጥም፣ ቤቴ እተኛለሁ» የሚል ነው። ይህ በጋዜጣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ላይ አይታይም። ለአስተባባሪው ነገርኩት። «የእናንተ ሰፈር አረንጓዴ ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። የራሴን ቁጥር ለራሴ መለሰልኝ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ቀልፒው (የድምፅ መስጫ ጣቢያው) ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተከፍቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የሚዘጋው። ሽማግሌዎችን የሚያመላልሱ ሁለት መኪኖች ተመድበውልን ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። መኪኖቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ለምን? እኛ አስተማማኝ ነን፣ እዚያ ግን ቢጫ ይበዛል። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ «ከሰዓት እንልካለን» አሉኝ።

አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሌላ እናት ነበሩ። አሳንሰር የለም። ጉልበታቸው ታማሚ ነው። እኚህ ግን የእውነት አረንጓዴ ነበሩ። ልጃቸው ከነገረቻቸው በላይ የፓርቲውን ነገር ያውቁ ነበር። በጠዋት ቀስ ብለው፣ ደረጃውን እየያዙ ወርደው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መታወቂያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። በየሰዓቱ እያለፍኩ «አሁን ይመጣል እማማ» እላለሁ። እሳቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ። መኪናው አልመጣም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ልጃቸው ደግፋ ወደ ላይ መለሰቻቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ መንገድ ላይ ስልክ ይዤ እጨቃጨቅ ነበር። የሰፈር ልጅ ባለመኪና ስንት አለ! አንዱን መለመን ወደ አእምሮዬ አልመጣልኝም፤ ቃል የገባልኝን ቢሮ ብቻ እየጠበቅኩ ዋልኩ።

የየቀልፒው ውጤት ሲወጣ አየሁት። 143 አረንጓዴ ስም በጻፍኩበት ሰፈር ፓርቲው ያገኘው 61 ድምፅ ነበር።

ከበዓላቱ በኋላ አንደኛ ፎቅ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ተቀመጥኩ፣ እስከ ሦስተኛው በረካ ጠጣሁ። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። «ልጄ፣ እኔን ያመጡኝ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የሊኩዱ ሻሚር ናቸው። የሳቸውን ፓርቲ መቼ ትቼው አውቃለሁ? አንቺን እሺ አልኩሽ እንጂ ፓርቲሽን አላልኩም።»

ስለዚህ ሥልጠናው የሚለውን የአምስት ደቂቃ ነገር አትስሙ። በቀን ሦስት ቤት ይበቃል። ቡና ሲቀርብ ቁጭ በሉ። ለማን ትሰጣላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ባለፈው ለማን እንደሰጡና ለምን እንደሆነ አስወሩ። «እሺ» ሁሉ ቢጫ ነው። «ልጄንም ይዤ እመጣለሁ» ያለ አረንጓዴ ነው። አድራሻም ጠይቁ፤ ከጌዴራ ከተማ መጥቶ እዚህ ልጁ ጋ የገባ ሽማግሌ አድራሻውን ካልቀየረ ቀልፒው ጌዴራ ነው። የቢሮ መኪና ደግሞ ፈጽሞ አትጠብቁ።

ለሦስተኛው ምርጫ፣ ለማርች 2፣ 2020ው፣ ለማንም ፓርቲ ቲሸርት አልለበስኩም። በጃንዋሪ ከማኅበረሰባችን የክኔሴት አባላት አንዱ፣ ጋዲ የቫርካን፣ ከሰማያዊና ነጭ ወደ ሊኩድ ተሻግሮ ነበር፤ ሌላዋ፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ እዚያው ሰማያዊና ነጭ ቀረች። አንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት በዚህ ሲከራከሩ አምሽቻለሁ። ማን ትክክል ነው አላልኩም። አርባ ስም ብቻ በደብተር ጻፍኩ፣ አራት የሰፈር ልጆች መኪናቸውን ይዘው መጡ።

አራተኛ ፎቅ የወጣሁት ገና 1 ሰዓት ሳይሆን ነው። ወንድሜና እኔ በግራና በቀኝ ደግፈን አወረድናቸው። ቀልፒው በር ላይ ቆመው የነጠላቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱት።