ከአኦርታ ቀዶ ሕክምና በኋላ ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት የለም

አኦርታው፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አብጦ የተጠገነለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ይፈነዳብኛል» ብሎ ከአልጋ አይወርድም፤ አለዚያም ቁስሉ ሲደርቅ የዳነ መስሎት ጀሪካን ያነሳል። መተኛቱም ለደም መርጋትና ለሳንባ ምች ያጋልጣል። በልክ መራመድ ግን አኦርታን አይጎዳም። የሚጎዳው ትንፋሽ አፍኖ መግፋት ነው፤ ያኔ የደም ግፊት በሴኮንዶች ውስጥ ይተኮሳል። ጤነኛ ክብደት አንሺዎች ላይ እንኳ የላይኛው ቁጥር ከ300 ሲያልፍ ተለክቷል። በሰው ሠራሽ ቧንቧ የተተካው ደግሞ ያበጠው ክፍል ብቻ ነው፤ ቀሪው ያው የድሮው ግድግዳ ነው።

መራመዱ የሚጀመረው ገና ሆስፒታል ሳሉ ነው። ቤት ሲገቡ ሜዳ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። በየአንድ ሁለት ቀኑ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ብዙ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ 30 ደቂቃ ይደርሳል። በማግስቱ ሰውነትዎ ከዛለ ወደ ቀድሞው ልክ ይመለሱ። የልብ ምት አይቁጠሩ፤ እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች ምቱን ስለሚይዙት ያታልላል። ወሬ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልክ ነው፤ ቃል መሀል ላይ አየር ካጠረዎት ፈጥነዋል።

ደረት ወይም ሆድ ተከፍቶ ከሆነ ለ6–8 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም፤ የደረት አጥንት እስከ 12 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሩቡ ብቻ 5 ኪሎ ነው። ልጅ ማዘልም ይቆይ። ሆድ የተከፈተለት ሰው ቀድሞ ከባድ ካነሳ ስፌቱ ሥር ሄርኒያ (አንጀት በሳሳው የሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መግፋት) ሊወጣበት ይችላል። ስግደትም አስቡበት፦ ወድቆ መነሳት ገና ያልጠናውን የደረት አጥንት በክንድ እንደመግፋት ነው። ቆሞ ጎንበስ ማለት እስኪፈቀድ ይበቃል፤ የንስሐ አባትም የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብለው አይቀመጡ። ጉልበት አጥፈው በጎን ይንከባለሉ፣ እግርዎን ወደ ታች ይልቀቁ፣ በሚነሱበት ቅጽበት አየር ያስወጡ። ሲያስሉ ትራስ ደረትዎ ወይም ሆድዎ ላይ ጥብቅ አድርገው ይቀፉ። ማንም የማያነሳው ጉዳይ መጸዳጃ ቤት ነው፦ የሆድ ድርቀት ይዞት የሚያምጥ ሰው ግፊቱ ክብደት እንደሚያነሳ ሰው ነው። ውኃና ጎመን ካልበቃ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይጠይቁ።

ደረት ወይም ሆድ ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ስቴንት (አኦርታውን ከውስጥ የሚደግፍ ቧንቧ) የገባለት ሰው ከ1–2 ሳምንት በኋላ ቀለል ይለዋል። ሆኖም በስቴንቱ ዙሪያ ደም ሊያፈስ ስለሚችል የሲቲ ስካን ቀጠሮው አይዘለልም።

ድንገት የሚቀድድ የደረት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ አንድ እግር መቀዝቀዝና መደንዘዝ ካለ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል። ደረት ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ትኩሳት ወይም የብሽሽት እብጠት ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ለቀዶ ሐኪምዎ ይደውሉ።