የጌታ እራት በዓመት 4 ጊዜ ብቻ ያለው ማን ነው?

ያደግኩት ደምቢ ዶሎ፣ ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የማመልከውም ፈረንጆች በሚበዙበት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ለማያውቅ ሰው፦ ጳጳስ የለንም። ቄሱም ብቻውን አይወስንም። ምእመኑ የመረጣቸው ሽማግሌዎች ከቄሱ ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ። ከነሱ በላይ ፕሬስቢተሪ፣ ማለትም የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አለ፣ ከዚያ ሲኖዶስ፣ ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ። ስብሰባ የሚወድ ሰው እኛ ጋ ይመቸዋል።

እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተመርጫለሁ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት ሳቋ አላቆም አላት። «አንቺ? ሽማግሌ?» እዚህ አሜሪካ ያን ጊዜ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ከተከፈለው በሰሜኑ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሴት ሽማግሌ መሾም የተፈቀደው ገና በ1930 ነው ብላትም ወይ ፍንክች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ሰማንያ ያለፋቸውን ሰውዬ በስማቸው ብቻ መጥራት! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። የኔ አፍ ግን እስካሁን እሺ አላለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤተ ክርስቲያናችን እያረጀች ነው። የኛ ብቻ አይደለችም። የሰሜኑና የደቡቡ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1983 ሲዋሃዱ አባላቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ዛሬ ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። እኛ ጋ የፊተኞቹ ወንበሮች ድሮም ባዶ ናቸው። ፕሬስቢቴሪያን ፊት መቀመጥ አይወድም። አሁን ግን የመሐሉም ባዶ ሆነ።

ስለዚህ «አምልኳችንን እናድስ» ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ ሲቋቋም ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ስክሪን እንስቀል። ድራም እንግዛ። ጊታር የሚጫወት ወጣት እንፈልግ። ቡናውን ከታችኛው አዳራሽ ወደ ላይ እናምጣው።

ከበሮ አልጠላም፤ ጭብጨባና እልልታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ቢሆንም የሙዚቃ ባንድ የፈለገ ልጅ እኛን ምን ያደርግልናል? መንገድ ማዶ ያለው ትልቁ ቸርች መብራቱም ጭሱም አለው። እኛ በዚያ አንወዳደርም። ደግሞ ታሪክም አለ። በ1919 ሚሲዮናዊውን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢን ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሳዮ (ደምቢ ዶሎ) የላከችው የአሜሪካ ዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ በአምልኮ ላይ ከዳዊት መዝሙር ሌላ አታዘምርም ነበር። ሌላ መዝሙር የፈቀደችው በ1925 ነው። ዛሬ ደምቢ ዶሎ ሄዳችሁ ኪቦርዱን ብትሰሙ ይህን አታምኑም። መዝሙር ይለወጣል፣ ይምጣም ይሂድም። ያን ያህል አያስጨንቀኝም።

የሚያስጨንቀኝ ማዕዱ፣ ማለትም ቁርባኑ ነው። የጌታን እራት የምንወስደው በዓመት 4 ጊዜ ብቻ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ባህላችን ነው» ተባልኩ። እኚያ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ደግሞ «ከበዛ ይለመዳል፣ ክብሩ ይቀንሳል» አሉ። ሙዳየ ምጽዋቱ በየሳምንቱ ሲዞር ግን ይለመዳል ያለ ሰው የለም።

ባህሉ ከየት እንደመጣ አነበብኩ። የኛ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን አባት የሚባለው የጄኔቫው ሰባኪ ካልቪን ራሱ የፈለገው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ በግልጽ ጽፎታል። ችግሩ የጄኔቫ ሕዝብ ከዚያ በፊት በዓመት አንዴ፣ በፋሲካ ብቻ መቁረብ የለመደ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ ሲባል የከተማው ምክር ቤት አልቀበልም አለ። በ1541 በወጣው ሥርዓት ላይ 4 ጊዜ ተብሎ ታረቁ፦ ገና፣ ፋሲካ፣ ጰንጠቆስጤና መስከረም መጀመሪያ። ካልቪን አልተዋጠለትም። በኋላም ይህ ልማዳችን ጎደሎ ነው፣ ከኔ በኋላ የሚመጡት ያርሙት ብሎ ጽፎ ትቷል። ስኮትላንዶችም በ1560 4 ጊዜ ብለው ደነገጉ። በገጠሩ ግን ብዙ ቦታ በዓመት አንዴ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ቤት ለቤት ዞረው ምእመኑን ስለ እምነቱ ይጠይቁ ነበር። ላለፈ ሰው ትንሽ የብረት ምልክት ይሰጡት ነበር። ያንን ሳይዝ ወደ ማዕዱ የሚቀርብ አልነበረም።

እንግዲህ ባህላችን ያልነው ነገር የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ያስገቡት ስምምነት ነው ማለት ነው! የራሳችን የሥርዓት መጽሐፍ ደግሞ በየእሁዱ ማድረግ ይቻላል ይላል። ሽማግሌዎች ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ እንዲፈቅዱ ያዛል። ቢያንስ! 4 ጊዜ ወለሉ ነበር፤ እኛ ጣሪያ አድርገነው ኖረናል።

ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር ሰውዬው ዝም ብለው ሰሙኝና መጽሐፉን አውሺኝ አሉኝ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ገጾቹን አጣጥፈው፣ ሐሳቡን ራሳቸው በሞሽን አቀረቡት። አጀንዳ፣ ሞሽን፣ ድጋፍ፣ ድምፅ። «ሁሉ በአግባብና በሥርዓት ይሁን» የሚለውን የጳውሎስ ቃል እንደኛ የሚወድ የለም። በየሳምንቱ የሚለው አላለፈም። በየወሩ የሚለው አለፈ፤ ከፋሲካ እስከ ጰንጠቆስጤ ደግሞ በየእሁዱ።

ከዚያ ሥራው መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኩሽናው ውስጥ ሆነን ወይኑን እናዘጋጃለን። ወይን ስል የወይን ጭማቂ ነው። ትሪው 40 ቀዳዳ አለው። በየቀዳዳው ከጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ኩባያ ይገባል። በፕላስቲክ ጠርሙስ እየጨመቅን ከግማሽ ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። ከሞላ አሮጊቶቹ እጅ ላይ ይፈሳል፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ ከነካ ደግሞ አይለቅም። ሰውዬው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን አንዱን ትሪ ለማንም አይለቁም። በፊት ዳቦው ከሱፐርማርኬት ተገዝቶ በኩብ ይቆረጥ ነበር፤ ስፖንጅ ነው የሚመስለው። አሁን እኔ ድፎ እጋግራለሁ። ጥቁር አዝሙድ የለውም፣ ግሉተን የማይስማማቸው ደግሞ ለብቻው ሳህን አላቸው። ቄሷ ስትቆርሰው ቅርፊቱ ቀጭ ይላል፣ ሽታው እስከ ኋላ ይደርሳል።

ልጆች ወደዱት። ከ2017 ጀምሮ ያለው የአምልኮ መመሪያ የመጣ ሁሉ በዕድሜው ወይም በሚያውቀው ልክ ሳይለካ ይሰጠው ይላል። አንዷ የአምስት ዓመት ልጅ «ትልቁን!» ብላ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። እናቷ አፈረች። ምን ያሳፍራል?

የጥምቀት ገንዳውንም ከጥግ አወጣነው። ክዳኑ ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበት ነበር። አሁን መግቢያው ላይ ነው። ከኑዛዜ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከማሰሮ ውኃ ይቀዳበታል፣ ድምፁ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ።

ከሁሉም ለውጥ ያመጣው ግን ማንም ያላሰበው ነገር ነው። ደንቡ ከአምልኮው በኋላ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ማዕዱን መምጣት ላልቻሉ ሰዎች ቤት ድረስ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። በዓመት 4 ጊዜ ሲሆን ይረሳል። በየወሩ ሲሆን ግን የግድ ትሄዳለህ። እኔ የማውቀው የቤተ ክርስቲያን መታደስም ይኸው ነው። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ወለጋ ላይ ቤቴልን ያቆሙት እንደ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት ማለት ነው። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኗን አድጋ አገኟት። በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ስትዋሃድ ሽማግሌዎቿን ይዛ ነው የገባችው። ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ጉብኝት ማለት ቡና ተፈልቶ፣ ዘር ማንዘር ተጠይቆ፣ ተጸልዮ የሚያልቅ ነገር ነበር። እዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ።

እና ስንሄድ ምን አወቅን? ከቀሩት ብዙዎቹ እምነታቸው ቀዝቅዞ አይደለም። መኪና መንዳት አቁመዋል። እሁድ ጠዋት አውቶብሱ ብርቅ ነው። አንዷ የመስሚያ መሣሪያዋ ተበላሽቶ ስብከቱን ስለማትሰማ ቀርታለች። ስለ ስክሪንና ድራም ስንት ስብሰባ ስናካሂድ እነዚህን ሰዎች የጠየቃቸው አልነበረም። አሁን የመኪና ተራ አውጥተናል። ኡበር የሚሠሩ ሁለት ሐበሾች ከጠዋት ሥራቸው ላይ አንዳንድ ሰው ጣል ያደርጉልናል። ለሴትዮዋ ደግሞ ከማይክሮፎኑ ጋር የሚገናኝ ማዳመጫ ተገዛላት። ከስክሪኑ ረክሷል።

አልሞላንም፤ እንዳትሳሳቱ። የመሐሉ ወንበር ላይ ግን ሰው አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ «በየእሁዱ» የሚለው ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። ሰውዬው ይደግፋሉ። ገንዘብ ያዡ ይቃወማል። ምክንያቱ የጭማቂው ወጪ ነው ይላል፤ እኔ ግን ቅዳሜን ኩሽና መዋል ሰልችቶት ነው ባይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሕንጻችንን የሚከራየው የአማርኛ ኅብረት ውስጥ ያለች አንዲት እህት በተራ ልጋግር ብላኛለች። ድምፁ ካለፈ የመጀመሪያው ሳምንት የሷ ነው።