አይኦ ለራውቱ እንዴት ይድረሰው?

ኤክስፕረስ (በጃቫስክሪፕት የዌብ ሰርቨር መሥሪያ) ላይ ራውቶቹ፣ ማለትም ሪኩዌስት የሚቀበሉት ኮዶች፣ በየፋይላቸው ከተለያዩ በኋላ ሶኬት ዶት አይኦ (ሰርቨርና ብራውዘር ክፍት በሆነ ግንኙነት መልእክት የሚለዋወጡበት ላይብረሪ) ሲጨመር ሁሌ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የምግብ ቤት ሲስተም እንውሰድ። አስተናጋጁ ትዕዛዝ የሚልከው በተራ ፖስት ሪኩዌስት ነው፤ ወጥ ቤት ያለው ስክሪን ግን በሶኬት ነው የሚያየው። አይኦ፣ ማለትም በሶኬት መልእክት የሚልከው ኦብጀክት፣ የተፈጠረው ዋናው አፕ ፋይል ውስጥ፣ ትዕዛዙን የሚቀበለው ኮድ ራውትስ ፎልደር ውስጥ።

ቀድሞ የሚታሰበው አይኦን ከአፕ ፋይል ኤክስፖርት አድርጎ (ለሌላ ፋይል አውጥቶ) ራውቱ ላይ ሪኳየር ማድረግ (መጥራት) ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። አፕ ራውቱን ይጠራል፣ ራውቱ ዞሮ አፕን ይጠራል። ኖድ (ጃቫስክሪፕቱን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ይህን ሲያገኝ ሰርቨሩን አያቆምም፤ አፕ እስከዚያች መስመር ድረስ ያዘጋጀውን ብቻ ያቀብላል፣ ያ ደግሞ ባዶ ኦብጀክት ነው። ሰርቨሩ በሰላም ይነሳል፤ «ኤሚት (መልእክት መላኪያው) ፈንክሽን አይደለም» የሚለው ኤረር የሚመጣው የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲገባ ነው። የኤክስፖርቱን መስመር ከሪኳየሩ በላይ ማውጣት ያሠራዋል፤ ነገ አንድ ሰው መስመሮቹን ላስተካክል ሲል ግን ተመልሶ ይበላሻል።

አጭሩ መንገድ አይኦን በአፕ ዶት ሴት በስም አስቀምጦ፣ ራውቱ ውስጥ በሪክ ዶት አፕ ዶት ጌት ማውጣት ነው። ሁለት መስመር ናት፤ ለትንሽ ፕሮጀክት ከዚህ አላልፍም። የምታጥረው ሪኩዌስት በሌለበት ቦታ ነው፣ ለምሳሌ በሰዓት የሚነሳ ሥራ ላይ። ያኔ ለሶኬት ብቻ የተለየ ፋይል ይሻላል፤ አንድ የማስጀመሪያ ፈንክሽን፣ አንድ አይኦን የሚመልስ ፈንክሽን፣ ሳይጀመር ከተጠራ ደግሞ ኤረር የሚወረውር። ይህ ፋይል አፕን አይጠራም፤ ክቡ የሚበጠሰው በዚህ ነው። መላሹ ፈንክሽን ራውቱ ፋይል አናት ላይ ሳይሆን ሃንድለሩ (ሪኩዌስት ሲመጣ የሚሠራው ፈንክሽን) ውስጥ ይጠራ፤ አናት ላይ ከሆነ ራውቱ ሲጫን አይኦ ገና አልተፈጠረም። የፋይሉ ስም አንዱ ጋ በትልቅ፣ ሌላው ጋ በትንሽ ፊደል ከተጻፈ ዊንዶውስ ላይ ኖድ ሁለት ሞጁል አድርጎ ይይዘዋል፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ አይገኝም።

አይኦ የሚታሰረው ከኤችቲቲፒ ሰርቨሩ ጋር ነው፣ ሊስን የሚለውም እሱ ነው። ከልማድ አፕ ዶት ሊስን ከተባለ ሌላ ሰርቨር ይፈጠራል፤ ራውቶቹ ይሠራሉ፣ ሶኬቱ 404 (አልተገኘም) ይመልሳል።

ኮኔክሽን የሚለውን ሊስነር (ሰው በሶኬት ሲገናኝ የሚነሳውን ኮድ) ራውት ሃንድለር ውስጥ መጻፍም የተለመደ ስህተት ነው። በእያንዳንዱ ሪኩዌስት አንድ ሊስነር ይጨመራል፤ 11ኛው ላይ ኖድ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ሰው አንድ መልእክት ቢልክ ውስጥ ያለው ኮድ ደጋግሞ ይሠራል። ሊስነሩ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ።

ራውቱ የአንድን ሰው ሶኬት ማወቅም የለበትም። ሶኬትን ግሎባል ቫሪያብል ላይ ማስቀመጥ መጨረሻ የገባውን ብቻ ማስቀረት ነው። የሶኬቱን መታወቂያ (አይዲ) ይዞ መዞርም አያዋጣም፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ይቀየራል። ሩም (በስም የሚጠራ የሶኬቶች ቡድን) ነው መፍትሔው፦ ኮኔክሽን ላይ ማንነቱ ተረጋግጦ ሩሙ ውስጥ ይገባል፣ ራውቱ ለሩሙ ይልካል። ሲመለስም ያው ኮድ መልሶ ያስገባዋል። አንዲት ቀጭን ነገር አለች። ከዳታቤዝ የመጣው 42 ቁጥር፣ ከዩአርኤል የመጣው 42 ስትሪንግ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ሩሞች ናቸው። ኤረር የለም፣ መልእክቱም አይደርስም። ስሙን «ዩዘር፡42» ዓይነት ማድረግ ከዚህ ያድናል።

የሰርቨሩ ፕሮሰስ (የሚሠራው ቅጂ) ከአንድ በላይ ሲሆን ይህ ሁሉ በቂ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ አይኦ ስላለው ወጥ ቤቱ የተወሰነውን ትዕዛዝ ብቻ ያያል። የሬዲስ አዳፕተር (መልእክቱን በሬዲስ ዳታቤዝ በኩል የሚያስተላልፍ ተጨማሪ) ፕሮሰሶቹን ያገናኛቸዋል፤ ፖሊንግ (ሶኬቱ በተደጋጋሚ ተራ ሪኩዌስቶች የሚሠራበት መንገድ) ካልተዘጋ ደግሞ ሎድ ባላንሰሩ (ሪኩዌስቶችን ለፕሮሰሶቹ የሚያከፋፍለው) አንድን ሰው ሁሌ ወደ አንድ ፕሮሰስ መላክ አለበት፤ አለዚያ የሚመለሰው የ400 ኤረር ነው።