እምቢ ያለው ሰውዬስ?

ስለ አሜሪካ ሳዝን የሚናደዱብኝ ሰዎች አሉ። በቀደም ዕለት በመምህራን ማረፊያ ሻይ ይዘን ወሬው ወደ ዋሽንግተን ሲዞር፣ አንዱ ባልደረባዬ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳቄ አልመጣም። የራሳችን ማረሩ ጠፍቶኝ አይደለም። የምኖረው አዳማ ነው፤ ደሞዝ ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ ማንም አይነግረኝም። ግን ሥራዬ ሲቪክስ ማስተማር ነው። የሥልጣን ክፍፍል፣ ነጻ ፍርድ ቤት፣ የሕግ የበላይነት እያልኩ ስናገር ልጆቹ «የት አገር?» ይሉኛል። አንድ አገር መጥራት አለብኝ።

ብዙ ጊዜ የምጠራው አሜሪካን ነበር። እንከን ስለሌለባት አይደለም። በደቡብ ግዛቶች የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በወጉ ያስከበረው እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሕግ መሆኑን አስተምራለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የዚያኑ ሕግ ጉልበት እንደሰበረውም እነግራቸዋለሁ። ግን እዚያ አገር አንድ እኛ አይተን የማናውቀው ነገር ነበር። የተሸነፈ መሪ፣ አሸናፊው ቃለ መሐላ ሲፈጽም እዚያው መድረክ ላይ ተቀምጦ ያያል። እኛ ጋ ንጉሡን ወታደር አወረዳቸው፤ ወታደሩን ደግሞ ሌላ ባለ ጠመንጃ አወረደው። በካርድ የወረደ መንግሥት እኔም አላየሁ፣ አባቴም አላየ።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 የገና ዋዜማ ነበር። እናቴ የዶሮውን ቁሌት እያማሰለች፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል ስልኬ ላይ ያ ምስል መጣ። በምርጫ የተሸነፈው የትራምፕ ደጋፊዎች የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንጻ ግድግዳ ይወጣሉ፤ መስኮት ይሰብራሉ። ያኔ እኛው ራሳችን ጦርነት ላይ ነበርን፤ የሰው ሞት ዜና ብርቅ አልነበረም። ቢሆንም ቆሜ ቀረሁ። የዚያን ቀን ወደ 140 የሚጠጉ ፖሊሶች ተጎድተዋል። ምክር ቤቱ ግን ሌሊቱን ተመልሶ ተሰበሰበና የምርጫውን ድምፅ ቆጠራ ጨረሰ። በእኛ ሰዓት የገና ዕለት ረፋድ ላይ፣ ከጾም ፈትተን ስንቀመጥ፣ የባይደን ማሸነፍ ጸደቀ። «አየሽ፣ አልወደቀም» አልኩ ለእናቴ። እሷ ስለ ምን እንደማወራ አላወቀችም።

ከበዓሉ በኋላ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ 11,780 ብዬ ጻፍኩ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው አለች። ነገርኳቸው። ትራምፕ ጆርጂያ በምትባል ግዛት በ11,779 ድምፅ ተሸነፈ። ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የግዛቷን ምርጫ ለሚመራው ለብራድ ራፈንስፐርገር ስልክ ደወለ። 11,780 ድምፅ ማግኘት እፈልጋለሁ አለው። አንድ ትርፍ መሆኑ ነው። ሰውዬው የገዛ ፓርቲው ሰው ነው። ሆኖም ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አይነካም አለ። የስልኩ ቅጂም ወጣ፤ ዓለም ሰማው።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ ታሰረ?»

«ማን? ትራምፕ?»

«አይ፣ እምቢ ያለው ሰውዬ።»

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ጥያቄው ለማንም እንግዳ አልሆነበትም። ለእኔም አልሆነብኝም። የስዬ አብርሃን ዋስትና የፈቀዱትን ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳን የሚያስታውስ ሁሉ ልጁ ከየት እንዳመጣው ያውቃል። ተከሳሹ ወዲያው ተመልሶ ታሰረ፤ ዳኛዋም ከዓመታት በኋላ ራሳቸው እስር ቤት ገቡ። የዚህ አገር ልጅ አለቃውን እምቢ ያለ ሰው ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

«አልታሰረም» አልኩት። «ሥራው ላይ ነው።» እ.ኤ.አ. በ2022 ራፈንስፐርገር እንደገና ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ያንንም ለልጆቹ ነገርኳቸው። በኩራት ነው የነገርኳቸው፤ የገዛ አጎቴ ያሸነፈ ነበር የሚመስለው።

ዛሬ ያ ልጅ መልሶ ቢጠይቀኝ እንደዚያ አፌን ሞልቼ አልመልስለትም። ኀዘኔ ይሄ ነው።

ጥር 12 ቀን 2017 ትራምፕ ተመልሶ ቃለ መሐላ ፈጸመ። እኛ የቃና ዘገሊላን ታቦት ሸኝተን ተኝተን ስንነቃ፣ በዚያ የገና ዋዜማ ወንጀል ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው ወደ 1,500 ለሚጠጉ ሰዎች ምሕረት ተሰጥቶ አደረ። ፖሊስ የደበደቡትም አሉበት። 22 ዓመት የተፈረደበትም ወጣ። ክሪስ ክሬብስ ደግሞ አለ፤ የ2020ውን ምርጫ ከሳይበር ጥቃት እንዲጠብቅ ራሱ ትራምፕ የሾመው፣ ምርጫው አስተማማኝ ነበር በማለቱ የተባረረ ኃላፊ። ሚያዝያ 1 ቀን 2017 እንዲመረመር ትእዛዝ ተፈረመበት። መስኮት የሰበረው ነጻ፣ እውነቱን የተናገረው ተመርማሪ።

በሐምሌ የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ቁጥር ደካማ ሆኖ ሲወጣ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮው ኃላፊ ኤሪካ ማኬንታርፈር በዚያው ቀን ተባረረች። በመስከረም ኤሪክ ሲበርት የሚባል የቨርጂኒያ ዐቃቤ ሕግ፣ በቂ ማስረጃ የለም ባለበት ጉዳይ የትራምፕን ባላንጣ ክሰስ ተብሎ ተጨንቆ ከወንበሩ ተነሣ። እነዚህን ሳነብ ንዴቴ ትራምፕ ላይ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያናድደኝ ምክር ቤቱ ነው። በጀት የመመደብ ሥልጣን የእሱ ነው። የእርዳታ ድርጅቱን ዩኤስኤይድን ብንወስድ፣ ገንዘቡን በሕግ የመደበው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስ ግን አብዛኞቹ ቁጭ ብለው አዩ። እዚህ እኛ አገር በአሜሪካ እርዳታ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ኮንትራት ተቋረጠ። «ምን አገባሽ» ለሚሉኝ ይህንን እጠቅስላቸዋለሁ።

አባቴ ግን በእኔ ይብሳል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በደርግ ጊዜ የአሜሪካ ድምፅን የሚሰማው መስኮት ዘግቶ፣ ባለ ሦስት ባንድ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። የአማርኛው ክፍል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ አባቴ አብሮት አረጀ። መጋቢት 6 ቀን 2017 ከ1,300 በላይ የጣቢያው ሠራተኞች ሥራ እንዳይገቡ ታዘዙ። ማታ አባቴ ራዲዮኑን ከፈተ፤ ሹክሹክታ ብቻ። ድንጋዩ አልቆ ይሆናል ብሎ አዲስ ድንጋይ አስገዛኝ። ከትቶ ሞከረው። መርፌዋን በቀስታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወሰዳት። «አባዬ፣ ዘግተውት ነው» አልኩት። «ማን?» አለኝ። «የራሳቸው መንግሥት።» ራዲዮኑን አላጠፋውም። «ደርግ እንኳ ያፍነው ነበር እንጂ...» ብሎ ተወው።

ጋዜጠኞቹ ከሰሱ። ዳኛ ሮይስ ላምበርት ወደ ሥራ ይመለሱ ብለው አዘዙ። ትእዛዙ በይግባኝና በክርክር ሲጓተት ከረመ።

ባልደረቦቼ «እሰይ፣ ይቅመሷት» ሲሉ ከየት እንደመጣባቸው ይገባኛል። አሜሪካ ሌላ አገር ሄዳ ያደረገችውን እኔም አውቃለሁ፤ ኢራቅን አልረሳሁም። ግን እየተቀጣ ያለው ኢራቅን የወረረው ሰው አይደለም። ቁጥር አላጭበረብርም ያለ ሠራተኛ ነው። በእሱ መባረር እሰይ የሚል ሰው፣ ነገ የቀበሌ ጸሐፊው ማኅተሙን ለጉልበተኛ ሲሰጥ በምን አፉ ሊቆጣ ነው?

ደግሞ ሁሉም ዝም አላለም። ከሲበርት መነሣት በኋላ በትራምፕ ባላንጣ፣ በቀድሞው የኤፍቢአይ ኃላፊ በጄምስ ኮሚ ላይ በችኮላ የተመሠረተውን ክስ ኅዳር 15 ቀን 2018 አንዲት ዳኛ ውድቅ አደረገችው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ ኢንዲያና በምትባል ግዛት የሆነውን ሳነብ ብድግ ብያለሁ። ትራምፕ የምርጫ ክልሎች ድንበር ለፓርቲው እንዲመች ተቀይሶ እንዲሠራ ወራት ሙሉ ወጥሮ ይዟቸው ነበር። የግዛቷ ሴኔት 50 መቀመጫ አለው፤ 40ው የራሱ ፓርቲ ነው። ከመካከላቸው እቤታቸው ድረስ ዛቻ የደረሳቸው ነበሩ። ድምፅ ሲሰጥ 31 ለ19 ወደቀ። ከ31ዱ 21ዱ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ናቸው።

ይህንን ለዘንድሮ ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። 21 ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዷ፣ እጇን እንኳ ሳታወጣ፣ «እነሱስ ምን ተደረጉ?» አለች።

በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ተፎካካሪ እንደሚያስነሣባቸው ዝቷል አልኳት። ሁሉም ዘንድሮ እንደማይወዳደሩ፣ የሚወዳደሩት ግን በሚያዝያ መጨረሻ እንደሚታዩ ነገርኳት። «እንከታተል?» አለችኝ። ስማቸውን ከስልኬ ላይ እያየሁ አጻፍኳቸው፤ ደብተራቸው ላይ አለ።